አሌሳንድሮ ቮልታ፤ ረትቶ የተረታው ሙግተኛ

ባለፈው ሰሞን መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የወንድሜ ልጅ የእጅ ባትሪውን ድንጋይ ስትቀይር አንድ ጥያቄ አነሣችብኝ። ባትሪው የሚጎርሰው ትልቁ ድንጋይም፣ የግድግዳው ሰዓት ውስጥ ያለው ትንሹ ድንጋይም የተጻፈባቸው ቁጥር አንድ ነው፤ 1.5 ቮልት። ትልቁ ትንሹን በብዙ እጥፍ እየከበደው ቮልታቸው እንዴት እኩል ሆነ? እኔ የሕግ እንጂ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። እኛ የሕግ ሰዎች መልስ ሲጠፋን እንደምናደርገው ሁሉ፣ ቀጠሮ ሰጠኋት።

ለቀጠሮው ስዘጋጅ ሰንብቼ ያገኘሁት ነገር ግን ከጠበቅሁት በላይ ለራሴ ሙያ የቀረበ ሆነብኝ። ቮልት የሚለው ቃል የሰው ስም ነው፤ ሰውዬው አሌሳንድሮ ቮልታ ይባላል። የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው ደግሞ መብራት ላብራ፣ ራዲዮ ላናግር ብሎ አይደለም። ሙግት ለመርታት ነው። ሙግቱንም ረታ፤ አውሮፓ በሙሉ አጨበጨበለት። ይሁንና ጉዳዩ እያደር በይግባኝ ሲመረመር የፍርዱ ግማሽ ተሻረ። ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው የዚህን ሰው ሕይወት ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጠበቃ ሊሆን የነበረ ልጅ

ቮልታ የተወለደው በ1745 በሰሜን ጣሊያን፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው የኮሞ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ጣሊያን የሚባል አንድ አገር አልነበረም። ኮሞ የሚላን መስፍናዊ ግዛት ስትሆን፣ ሚላንም የምትገዛው በኦስትሪያ ነገሥታት ነበር። ቤተሰቡ የመኳንንት ዘር ነው፤ ገንዘቡ ግን እምብዛም አልነበረም። ልጁ አፉን የፈታው ዘግይቶ በመሆኑ ዲዳ ነው ተብሎ ተፈርቶለት ነበር ይባላል። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የቤተ ክህነት ሰዎች የነበሩ አጎቶቹ ናቸው።

ያስተማሩት ኢየሱሳውያን ካህን ሊያደርጉት ፈለጉ። አጎቱ ደግሞ የሕግ ሰው እንዲሆን ወሰኑ። ልጁ ሁለቱንም እሺ አላለም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ በፓሪስና በቱሪን ለሚገኙ ስመ ጥር የኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። እኔ እንደ ሕግ ሰው ሳስበው አጎቱ ሙሉ በሙሉ የከሸፈባቸው አይመስለኝም። ልጁ የችሎት ወንበር ላይ አልተቀመጠም እንጂ ተከራካሪነቱ ከውስጡ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃው ፈጣን ነው። በ1775 የኤሌክትሪክ ሙል ደጋግሞ የሚያመነጭ ኤሌክትሮፎር የተባለ መሣሪያ አሻሽሎ ሠርቶ ታወቀ። በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር የረግረጉን ጭቃ ሲያማስል አረፋ እየሠራ የሚወጣ ጋዝ አጠራቅሞ አቃጠለው፤ ዛሬ ሚቴን የምንለው ጋዝ ነው። ብዙም ሳይቆይ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በ1794 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። በዚያው ዓመት፣ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆችም ወለደ። ታላቁ ሙግት የተጀመረው ግን ከጋብቻው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

የእንቁራሪቷ ጉዳይ

ተከራካሪ ወገኑ የቦሎኛው ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው። ጋልቫኒ ሐኪምና የአናቶሚ መምህር፣ ሃይማኖቱን አክባሪ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። የታረደች እንቁራሪት እግር ላይ ለዓመታት ሲመራመር ቆይቶ በ1791 ያሳተመው ጽሑፍ አገር ምድሩን አነጋገረ። የሞተች እንቁራሪት ነርቭ በአንድ ማዕድን፣ ጡንቻዋ በሌላ ማዕድን ተነክቶ ሁለቱ ማዕድናት ሲገናኙ፣ እግሩ በሕይወት እንዳለ ሁሉ ይወራጫል። ጋልቫኒ የደረሰበት መደምደሚያ እንስሳት በሰውነታቸው ውስጥ የራሳቸው ኤሌክትሪክ አላቸው የሚል ነው። ማዕድኑ መንገድ ከመሆን በስተቀር ሌላ ድርሻ የለውም።

ቮልታ በ1792 ሙከራውን ራሱ ደገመው። መጀመሪያ ላይ ተደነቀ፤ አመነም። ሙከራው ሲደጋገም ግን ጥርጣሬ ገባው። እኛ በሕግ ቋንቋ ጭብጥ መያዝ የምንለውን ነገር ያደረገው እዚህ ላይ ነው። ጭብጡ እግሩ ተወራጨ አልተወራጨም አይደለም፤ ያ አላከራከረም። የሚያከራክረው ኤሌክትሪኩ ከማን መጣ የሚለው ነው፤ ከእንቁራሪቷ ወይስ ከማዕድናቱ?

ከዚያም መስቀለኛ ጥያቄውን ጀመረ። ነርቩንና ጡንቻውን በአንድ ዓይነት ማዕድን ሲነካቸው ውርጭቱ ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። በሁለት የተለያዩ ማዕድናት ሲነካቸው ግን ይበረታል። ኤሌክትሪኩ የእንቁራሪቷ ቢሆን ኖሮ የማዕድኑ ዓይነት ለምን ለውጥ ያመጣል? ቮልታ የገዛ ምላሱንም ለምስክርነት ጠራ። ከምላሱ ጫፍ ላይ ስስ የቲን ቁራጭ፣ ወደ ኋላ ደግሞ የብር ሳንቲም አስቀምጦ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ኮምጠጥ የሚል ጣዕም ተሰማው። እንግዲህ እንቁራሪቷ ኤሌክትሪኩን የምትሰማ ምስክር ናት እንጂ አመንጪው እሷ አይደለችም አለ።

በዚህ አላበቃም። ማዕድናቱን ሁለት ሁለት እያደረገ ፈትኖ በውጤታቸው ብርታት ቅደም ተከተል ደረደራቸው። በአንድ ጫፍ ዚንክ፣ በመካከሉ እርሳስ፣ ቲን፣ ብረትና መዳብ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ደግሞ ብርና ወርቅ። በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ማዕድናት በተራራቁ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ይበረታል። ይህን ዝርዝር አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የጋልቫኒ ወገንም ዝም አላለም። በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች ጋልቫኒ ምንም ማዕድን ሳይኖር ነርቭና ጡንቻ በቀጥታ ሲነካኩ እግሩ እንደሚወራጭ አሳየ። ይህ ከባድ ማስረጃ ነበር። የማዕድኑ ክርክር እንዳለ ይፈርሳል። ቮልታ የተለያዩ እርጥብ ነገሮች ሲነካኩም ኤሌክትሪክ ሊፈጠር ይችላል ብሎ መከላከያውን አሰፋ። የዘመኑ ምሁራንም ለሁለት ተከፈሉ።

ክምሩ

ቮልታ ሙግቱን የሚዘጋው አንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ ገባው። እንቁራሪቷን ከችሎቱ ማስወጣት አለበት። ምንም እንስሳ በሌለበት፣ ከማዕድን ብቻ ኤሌክትሪክ አፍልቆ ካሳየ ተቃዋሚው የሚቆምበት መሬት አይኖረውም።

አንድ ጥንድ ማዕድን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ጥንዶቹን ደረበ። አንድ ክብ የብር ዝርግ፣ ላዩ ላይ የዚንክ ዝርግ፣ በዚያ ላይ በጨው ውሃ የተነከረ ካርቶን፤ እንደገና ብር፣ ዚንክ፣ ካርቶን፤ እያለ እንደ እንጀራ መሶብ ቆለለው። የታችኛውንና የላይኛውን ጫፍ በእርጥብ እጅ ሲነካቸው ነዘረው። የሚገርመው ደግሞ አንዴ ነዝሮ አያበቃም፤ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ ይፈሳል። እስከዚያ ዘመን ድረስ የሰው ልጅ በእጁ ያደረገው ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ብቻ ነበር።

ቮልታ ግኝቱን በማርች 20 ቀን 1800 ከኮሞ በጻፈው ደብዳቤ ለሮያል ሶሳይቲው ፕሬዚዳንት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ አስታወቀ። ደብዳቤው ውስጥ መሣሪያውን ያመሳሰለው ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩ ዓሦች የሰውነት ክፍል ጋር መሆኑ ነገሩን የተረት ያህል ያደርገዋል። እንስሳትን ከችሎት ያስወጣው ሰው የመሣሪያውን አምሳያ ያገኘው ከእንስሳ ነው። ደብዳቤው ለንደን እንደደረሰ፣ ገና በይፋ ሳይነበብ ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ክምሩን ሠርተው ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፋፈሉበት። በ1807 ደግሞ ሃምፍሪ ዴቪ በትልልቅ ባትሪዎች ፖታሺየምንና ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ።

መሐላው

እዚህ ላይ ታሪኩ ከላቦራቶሪ ይወጣና ወደ ፖለቲካ ይገባል። ናፖሊዮን ሰሜን ጣሊያንን ይዞ በ1797 የቺሳልፒና ሪፐብሊክ የሚባል መንግሥት አቋቋመ፤ መምህራንም ለአዲሱ መንግሥት የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙ ታዘዙ። ጋልቫኒ ከእምነቴ ጋር ይጋጭብኛል ብሎ አልማልም አለ። ከዩኒቨርሲቲው ሥራውና ከደመወዙ ተነሣ። የሚወዳቸውን ባለቤቱን ቀደም ሲል አጥቷል። በዲሴምበር 1798፣ በድህነት ላይ እንዳለ አረፈ። የመጨረሻውን ማስረጃ፣ ክምሩን፣ ሳያየው ነው የሞተው። ሙግቱ የተቋጨው አንዱ ተከራካሪ በሌለበት ነው ማለት ነው።

ቮልታ ግን ከሚመጣው ሁሉ ጋር ተስማምቶ መኖር ያውቅበታል። በ1801 ፓሪስ ሄዶ ክምሩን ናፖሊዮን ባለበት አሳየ፤ የወርቅ ሜዳሊያም ተሸለመ። ጡረታ ተቆረጠለት፤ ሴናተር ሆነ፤ የኮንትነት ማዕረግም አገኘ። ናፖሊዮን ወድቆ ኦስትሪያዎች ሲመለሱም ክብሩ አልተነካበትም።

በዚህ ልንፈርድበት ይገባል? እኔ በበኩሌ እቸገራለሁ። የጋልቫኒን ጽናት ሳነብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። በሌላ በኩል ቮልታ መንግሥት በተለዋወጠ ቁጥር ላቦራቶሪውን ዘግቶ ቢሄድ ኖሮ ምን እንደሚቀርብን አስባለሁ። ሦስት ሥርዓት ባየ አገር ውስጥ ያደግን ሰዎች በዚህ ጉዳይ ድንጋይ ለመወርወር መቸኮል ያለብን አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እላለሁ። የመሐላው ጉዳይ ከእንቁራሪቷ ጉዳይ ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። አንዱ ተሹሞ ሌላው ተሽሮ መሞቱ ማን ትክክል እንደነበር አያስረዳም። እንዲያም ሆኖ ተሿሚው አሸናፊ፣ ተሻሪው ተሸናፊ ተደርጎ መታየቱ አልቀረም።

ይግባኙ

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ቮልታ ኤሌክትሪኩ ከማዕድናቱ ነው ማለቱ ልክ ነው። ለምን ለሚለው የሰጠው ምክንያት ግን ስህተት ነበር። በእሱ አስተሳሰብ ሁለት የተለያዩ ማዕድናት መነካካታቸው ብቻውን ኤሌክትሪኩን ይገፋዋል፤ የጨው ውሃው ማስተላለፊያ ነው፤ ክምሩም ሳይደክም ለዘለዓለም ሊሠራ ይችላል።

የሚቃወመው ማስረጃ ግን ዓይኑ ሥር ነበር። ክምሩ እየዋለ ሲያድር ይደክማል፤ ዚንኩም ይበላል። እኛም ልጆች ሳለን ይህንን አይተነዋል። የደከመውን የራዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሞቀው ነበር፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ስለሚያፋጥነው ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ራዲዮው ውስጥ ተረስቶ የከረመው ድንጋይ ደግሞ አፍስሶ ሁሉንም ነገር ያበላሸዋል። የድንጋዩ ቆርኪ ራሱ ዚንክ ነው፤ የሚፈሰው ዚንኩ ተበልቶ ስለተበሳ ነው። ቮልታ የዚንኩን መበላት እንደ ጎንዮሽ ጉዳይ አይቶ አለፈው። እሱ እንደ ትርፍ የቆጠረው ነገር ዋናው ነገር ሆኖ ተገኘ። ዴቪና ከእሱም በኋላ ማይክል ፋራዴይ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከኬሚካላዊው ለውጥ መሆኑን አስረዱ።

የዛሬው ዕውቀት እንዲህ ይለዋል። እያንዳንዱ ማዕድን ኤሌክትሮን አለው፤ ኤሌክትሮኑን አሳልፎ ለመስጠት ያለው ፈቃደኝነት ግን ይለያያል። ዚንክ ቸር ነው፤ ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ራሱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ብርና ወርቅ ንፉጎች ናቸው። ወርቅ የማይዝገው በዚህ ምክንያት ነው። ኬሚስቶች ይህን ጠባይ ለክተው ሠንጠረዥ አዘጋጅተውለታል፤ ሪዳክሽን ፖቴንሺያል ይሉታል። ኤሌክትሮን የመቀበል ዝንባሌ ማለት ነው። የተራራን ከፍታ ከባሕር ወለል ተነሥተን እንደምንለካው፣ እዚህም መነሻው ዜሮ የተባለው ሃይድሮጅን ነው። ሊቲየም ከዜሮ በታች 3.04 ቮልት፣ ዚንክ ከዜሮ በታች 0.76፣ ብረት ከዜሮ በታች 0.44 ነው። መዳብ ከዜሮ በላይ 0.34፣ ብር ደግሞ ከዜሮ በላይ 0.80 ላይ ይቆማል።

የባትሪ ቮልቴጅ እንግዲህ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ነው። በ1836 እንግሊዛዊው ጆን ፍሬድሪክ ዳንኤል ዚንክን በዚንክ ጨው፣ መዳብን በመዳብ ጨው ውስጥ አድርጎ የሠራው ባትሪ 1.10 ቮልት ይሰጣል። አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ይደምር፤ ከ0.76 በታች እስከ 0.34 በላይ ያለው ርቀት 1.10 ነው። በቮልታ ክምር ውስጥ ግን ብሩ ራሱ አይለወጥም። ኤሌክትሮኑ ብሩ ላይ ደርሶ የሚቀበለው ውሃው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅንና የሟሟው ኦክስጅን ነው። በ1889 ደግሞ ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ክምችት ሲለዋወጥ ቮልቱ በምን ያህል እንደሚቀየር የሚያሰላ ቀመር አወጣ።

ቮልታ በእንቁራሪት እግር፣ በምላሱና በመለኪያ መሣሪያዎቹ እየታገዘ የደረደረው ዝርዝርስ? ጥቂት ቦታ ላይ ይዛነፍ እንጂ ከዛሬው ሠንጠረዥ ጋር በአጠቃላይ ይሄዳል። ምክንያቱን ስቶ ማስረጃውን በትክክል መዝግቧል። እኔ ይህን ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ የተሳሳተ ፍርድ በይግባኝ ይስተካከላል። መዝገቡ ከተበላሸ ግን ይግባኙም አይረዳም።

ጋልቫኒም በይግባኙ ባዶ እጁን አልተመለሰም። ነርቭና ጡንቻ በእርግጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ተረጋገጠ። ዛሬ ሐኪም ደረታችን ላይ ሽቦ ለጥፎ የልባችንን ምት ወረቀት ላይ የሚያነበው ይህንኑ የእንስሳ ኤሌክትሪክ ነው። ሁለቱም በሚያረጋግጡት ልክ ነበሩ፤ የተሳሳቱት በሚክዱት ነው።

የቀጠሮው ቀን

ቮልታ ከክምሩ በኋላ ይህ ነው የሚባል አዲስ ግኝት አላመጣም። ከልጆቹ አንዱ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተቀጠፈበት። በ1819 ሥራውን ትቶ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፤ በማርች 5 ቀን 1827 በ82 ዓመቱ አረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኤሌክትሪክን ግፊት መለኪያ በስሙ ቮልት አለው።

የጋልቫኒ ስም ደግሞ ከራሳችን በላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ጋልቫናይዝድ የሚባለው በእሱ ስም ነው። ብረቱ በዚንክ ተለብጧል። ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ ላስታወሰ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ቸር ስለሆነ ዝናቡ ሲመጣ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል። ቮልታ የደረደረው ዝርዝር ክረምት በመጣ ቁጥር በጋልቫኒ ስም ጣሪያችን ላይ ይሠራል።

የወንድሜን ልጅ በቀጠሮዋ ቀን አስቀመጥኳትና በምታውቀው በሮቶ አስረዳኋት። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ የውሃውን ግፊት የሚወስነው የተቀመጠበት ከፍታ ነው እንጂ ስፋቱ አይደለም። ትልቅ ሮቶ ብዙ ጊዜ ያቆያል፣ ትንሹ ቶሎ ያልቃል፤ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ግፊታቸው እኩል ነው። ትልቁም ትንሹም ድንጋይ ውስጥ ያሉት ጥንዶች አንድ ናቸው፤ ዚንክና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ። ስለዚህ ቮልታቸው አንድ ነው፤ ትልቁ ብዙ ቀን ያበራል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት የሆነውም በትልቅነቱ ሳይሆን በግምት ሁለት ሁለት ቮልት የሚሰጡ ስድስት የእርሳስ ክፍሎች ስለተቀጣጠሉ ነው፤ የቮልታ ክምር ማለት ነው። የእጅ ስልካችን ባትሪ ከአንድ ክፍል ብቻ 3.7 ቮልት ገደማ መስጠቱ ደግሞ ከሠንጠረዡ ግርጌ ያለውን ሊቲየም ስለተጠቀመ ነው።

ጥቂት አሰበችና አንዱ ማዕድን ብቻውን ስንት ቮልት እንዳለው ጠየቀችኝ። ብቻውን ቮልት የለውም፤ ቮልት ሁልጊዜ የሁለት ነው አልኳት።

በአገራችን የበላ ልበልሃ ሙግት ባህል ሁለቱም ወገኖች ሳይሰሙ ፍርድ አይታሰብም ነበር። ዛሬ ዛሬ በየሻይ ቤቱም በየስብሰባውም የማየው ግን አንዱ ሲረታ የሌላውን መዝገብ ጭምር የማቃጠል አባዜ ነው። ተሸናፊው ያቀረበው ማስረጃ ከተሸናፊው ጋር ይቀበራል። የጋልቫኒ እንቁራሪት አብራው ተቀብራ ቢሆን ኖሮ የልብ ሐኪሞቻችን ዛሬ ምን ይዘው ይመረምሩን ነበር? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው አባቶቻችን የተረቱት ተሸናፊው ተስፋ እንዳይቆርጥ ብቻ ሳይሆን አሸናፊውም እንዳይታበይ ይመስለኛል።